የቡችላው ትል ከእናቱ ይጀምራል

በገጠር ግቢ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ቡችላ ሲታይ «ጠግቦ ነው» ይባላል። ጀርባው ግን ከስቷል፤ ጸጉሩ ሻክሯል፤ አንዳንዴም ረዥም ነጭ ትል ያስመልሳል። ይህ ጥጋብ ሳይሆን ወስፋት ነው። ብዙ ጊዜም ከእናቱ ማህፀን ይዞት የተወለደው ነው።

ውሻ በወስፋት ስትያዝ እጮቹ ሁሉ አንጀቷ ውስጥ አይቀሩም። ከፊሎቹ ጡንቻዋ ውስጥ ገብተው ለረዥም ጊዜ ይተኛሉ፤ የተለመደው የትል መድኃኒትም እምብዛም አይደርስባቸውም። የውሻ እርግዝና ዘጠኝ ሳምንት ገደማ ነው። ስድስተኛው ሳምንት ሲያልፍ የተኙት ይነቁና በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ጽንሱ ይሻገራሉ። ከወለደች በኋላ በወተቷ የሚተላለፉም አሉ። ደም መጣጩ መንጠቆ ትል በተለይ መንገዱ ወተት ሲሆን፣ ቡችላውን በደም ማነስ በጥቂት ሳምንት ሊገድለው ይችላል። «ትንሽ ይደግና መድኃኒት እንሰጠዋለን» ማለት እንግዲህ ከጊዜው የዘገየ ነው።

ቡችላ በ2 ሳምንቱ፣ ከዚያም በ4፣ በ6 እና በ8 ሳምንቱ የትል መድኃኒት እንዲወስድ ይመከራል፤ እናቲቱም አብራ ትወስዳለች። ለእርጉዟ ፌንቤንዳዞል ከ40ኛው ቀን አንስቶ ከወለደች እስከ 14ኛው ቀን በየዕለቱ የሚሰጥበት አሠራር አለ። መጠኑን በክብደቷ የሚወስነው ግን ባለሙያ ነው። ለበግ የተገዛ አልቤንዳዞል ቆርሶ ለውሻ የሚሰጥ አይጠፋም፤ ይህ መድኃኒት ጽንስ ሊጎዳ ስለሚችል ለእርጉዝ አይሆንም። ለከብት የተሰላ የኢቨርሜክቲን መርፌን በግምት ቡችላ ላይ መሞከርም ሊገድል ይችላል።

ጉዳዩ «የውሻ ነገር» ተብሎ የማይታለፈው በሕፃናት ምክንያት ነው። ከቡችላው ጋር የወጣው እንቁላል አፈር ላይ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ሰውን ለመያዝ ይበቃል፤ በእርጥብና ጥላማ መሬት ለዓመታት ይኖራል። አፈር የነካ እጁን ወደ አፉ የሚሰድ ሕፃን ከዋጠው፣ እጩ ወደ ጉበትና ሳንባ፣ አንዳንዴም ወደ ዓይን ሄዶ እስከ ማሳወር ይደርሳል።

ለላሙና ለበጉ መድኃኒት የሚያመላልስ አርሶ አደር ውሻውን የሚያስታውሰው የእብድ ውሻ በሽታ ወሬ ሲሰማ ነው። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አይደለም። ስለ በግ ሊያስተምር ግቢ የሚገባ ባለሙያ «ውሻዋ አርግዛለች ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ምን ይጎድልበታል? የእብድ ውሻ ክትባት በሚሰጥበት ዕለትስ የትል መድኃኒት አብሮ ቢቀርብ? ውሻው እንደሆነ አንዴ ታስሮ መጥቷል።

እስከዚያው ከቤት የሚጀመር አለ። የወለደችበትን ጭድ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ የቡችሎቹን ዓይነ ምድር በየቀኑ ለቅሞ ከጓሮ አትክልት ርቆ መቅበር ወጪ አይጠይቅም። ለአራሷ በርኅራኄ የሚወረወረው ጥሬ የበግ ጭንቅላትም ይቅር፤ በጉ አዙሪት ይዞት ከነበረ ኮሶው ወደ ውሻዋ ይገባል፤ ከእሷም በግጦሹ በኩል ተመልሶ ሌላውን በግ ያዞረዋል።