«ስንት ጊዜ ቀረኝ?» ለሚሉ አረጋውያን ማን ይመልስ?

በእኛ ልማድ ሕመምተኛ አጠገብ ቁጭ ብሎ ስለ ሞት ማውራት ሟርት ነው። ሐኪሙ ቤተሰቡን ወደ ኮሪደር ጠርቶ ያወራል። ቤተሰቡ እንባውን ጠርጎ፣ ፊቱን አስተካክሎ ይመለሳል። ለሕመምተኛው «አይዞዎት፣ ምንም አይደል፣ ይነሳሉ» ይባላል። እሱም ብዙ ጊዜ ገብቶት ሳለ ያልገባው መስሎ ዝም ይላል። ይህ ክፋት አይደለም። ፍቅር ነው።

ዛሬ ላነሳው የፈለግኩት ግን ይህ ልማድ አሜሪካ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲገባ የሚሆነውን ነው። ወደዚያ ቀድሞ የተሰደደው ትውልድ እያረጀ ነው፤ ወላጆቹን ያስመጣም ብዙ ነው። በሌላ በኩል በዋሽንግተንና በአካባቢዋ አረጋውያንን ከሚያጥቡ፣ ከሚያጎርሱና ከሚያገላብጡ ሠራተኞች መካከል የእኛ እህቶችና ወንድሞች ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ ነገሩ የፈረንጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አልጋው ላይም፣ አልጋው አጠገብም አለን።

በቅድሚያ ቁርጡን እንነጋገር። ነርሲንግ ሆም ለብዙ ሰው የመጨረሻው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በነርሲንግ ሆም ያረፉ አረጋውያን እዚያ ከገቡ በኋላ ምን ያህል እንደቆዩ ለክቶ ነበር። 53 በመቶ የሚሆኑት ያረፉት በገቡ በስድስት ወር ውስጥ ነው። ልጆች እናታቸውን ሲያስገቡ ግን «ትንሽ እስኪሻላት» ነው የሚሉት።

ታዲያ ቀሪ ዕድሜን መገመት ይቻላል ወይ? በከፊል። ሐኪሞች ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ጎበዝ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2000 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ የቺካጎ ጥናት 343 ሐኪሞች ስለ 468 የሆስፒስ ሕመምተኞች የሰጡትን ግምት ከሆነው ጋር አነጻጽሯል። ትክክል የሆነው ግምት 20 በመቶ ብቻ ነበር። 63 በመቶው ሕመምተኛው ከኖረው በላይ ይኖራል ያለ ነው። የሚገርመው ደግሞ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ባወቀው መጠን ስህተቱ መጨመሩ ነው። ሐኪምም ሰው ነውና ለሚወደው ሰው ዕድሜ ይጨምራል!

በነርሲንግ ሆም ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። ካንሰር ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ያን ጊዜ መገመት ቀለል ይላል። የልብ ድካም ግን ይጥላል፣ ያነሳል፣ ደግሞ ይጥላል። የመርሳት ሕመም ደግሞ ዓመታት ወስዶ ቀስ እያለ ነው የሚያደክመው። ቢሆንም ምልክት የለውም ማለት አይደለም። በቦስተን አካባቢ 323 የመርሳት ሕመማቸው እጅግ የጠና የነርሲንግ ሆም ነዋሪዎችን ለ18 ወራት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ 54.8 በመቶው አርፈዋል። የሳንባ ምች ከያዛቸው ወደ ግማሽ የሚጠጉት፣ መብላትና መዋጥ ካቃታቸው ደግሞ ከሦስት አንድ የሚበልጡት በስድስት ወር ውስጥ ነው የሞቱት። እንግዲህ ቀኑን ማንም አያውቅም፤ «ጊዜው ቀርቧል» ማለት ግን ይቻላል።

የአሜሪካ ሥርዓት ይህን ግምት በወረቀት ላይ ይጠቀምበታል። ኮንግረሱ እ.ኤ.አ. በ1982 ባወጣው ሕግ መሠረት ሜዲኬር የሆስፒስ እንክብካቤ ወጪ የሚሸፍነው፣ ሕመሙ በተለመደው መንገድ ከሄደ ሕመምተኛው ከስድስት ወር በላይ እንደማይቆይ ሐኪሞች ሲያረጋግጡ ነው። ነርሲንግ ሆሞች ስለ ነዋሪው በየጊዜው በሚሞሉት መደበኛ ቅጽ ላይም ከስድስት ወር ያነሰ ዕድሜ ሊያስቀር የሚችል ሕመም እንዳለበት የሚጠይቅ መስመር አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ተቋማቱ ለነዋሪው ስለ ሕክምናው አስቀድሞ የመወሰንና ወኪል የመሰየም መብቱን እንዲነግሩት ያስገድዳል። ከ2016 ጀምሮም ሐኪም ቁጭ ብሎ ስለዚህ ለተወያየበት ጊዜ ሜዲኬር ይከፍላል።

ሕጉም፣ ቅጹም፣ ክፍያውም አለ። የጎደለው ጨዋታው ነው። ቅጹ ላይ «አዎ» ተብሎ ምልክት የተደረገባቸው እናት እዚያው ክፍል ተቀምጠው ምንም ሳይሰሙ ሊቀሩ ይችላሉ። ገቢ ሲሆኑ የተፈረመ የወረቀት ክምር ደግሞ ውይይት አይባልም፤ በተለይ እንግሊዝኛው ለማይገባው ሰው።

«ቢነገራቸው ምን ይጠቅማል? ቀናቸውን ማጨለም ብቻ አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ከዚያው ከቦስተኑ ጥናት እናገኛለን። ካረፉት ነዋሪዎች 40.7 በመቶው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ወይ ሆስፒታል ተወስደዋል፣ ወይ ድንገተኛ ክፍል ገብተዋል፣ ወይ በመርፌ መድኃኒትና ፈሳሽ ተሰጥቷቸዋል፣ ወይ በቱቦ ተመግበዋል። የቅርብ ዘመዳቸው ሕመሙ ወዴት እንደሚሄድ የተረዳላቸው ነዋሪዎች ግን ይህ ሁሉ ጣጣ የደረሰባቸው በጣም ባነሰ መጠን ነው። ማለትም ማወቁ የሌሊት አምቡላንስን ያስቀራል።

ለእኛ ሰው ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ኑዛዜ አለ። የነፍስ አባት ጠርቶ ንስሐ መግባት፣ ቁርባን መቀበል አለ። ለዓመታት ከተኳረፉት ወንድም ጋር ዕርቅ አለ። «አገሬ ገብቼ ልሙት» የሚሉም ብዙ ናቸው። ይህ ሁሉ አቅምና ጊዜ ይፈልጋል። አውሮፕላን ላይ የሚቀመጥ ሰው ቢያንስ መቀመጥ መቻል አለበት። «አይዞዎት» እያልን የከረምንበት ጊዜ እነዚህን ሁሉ ነው የሚበላው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እዚህ ላይ ግን የሚደብቀው ሕመምተኛው ሳይሆን እኛው ነን።

ይህን ስል የፈረንጁን ዘዴ እንዳለ እንቅዳ ማለቴ አይደለም። ለታማሚው ፊት ለፊት፣ ብቻውን ባለበት፣ ድንገት «ጊዜዎ አልቋል» ማለት በእኛ ዘንድ ጭካኔ ነው። የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 በአንድ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላይ ስለ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በጻፉት ጽሑፍ ይህንኑ አስረድተዋል፤ ክፉ ዜና በመጀመሪያ ለቤተሰብ ወይም ለቅርብ ወዳጅ ይነገር፣ እነሱ በባህሉ ወግ ለታማሚው ያድርሱት ነው ነገሩ። ልብ በሉ፣ ያድርሱት ነው የተባለው። ይደብቁት አልተባለም። መርዶ ስናረዳ እንኳ ሥርዓት አለን፦ ማን ይናገር፣ በስንት ሰዓት፣ ማን አጠገቡ ይሁን እንላለን። ለሞት ያወጣነውን ወግ ከሞት በፊት ላለው ጊዜ ማዋል ምን ይከብዳል?

ደግሞም ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት አይደለም። በሎስ አንጀለስ 800 አረጋውያን ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣ ጥናት፣ ሕመምተኛ ሞቱ መቃረቡ ሊነገረው ይገባል ያሉት ከአውሮፓ ዘር ከሆኑት 69 በመቶ፣ ከኮሪያ ዘር ከሆኑት 35 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ሰፊ ነው። ነገር ግን ከፈረንጆቹም ከሦስት አንዱ ገደማ ይነገር አላለም፤ ከኮሪያውያኑም ከሦስት አንዱ ይነገር ብሏል። ስለዚህ የሰውየውን አገር አይቶ መወሰን አይቻልም። ራሱን መጠየቅ ነው።

ጥያቄው ደግሞ ከባድ አይደለም። «እማማ፣ ስለ ሕመምዎ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ መስማት ይፈልጋሉ ወይስ ለእኛ ይንገረን?» ማለት ነው። «ለልጄ ንገሩት» ካሉ ውሳኔያቸው ነው፤ ልጁ በሕግ የጤና ወኪል ሆኖ ይሰየም። «ልስማ» ካሉ ደግሞ ሐኪሙ ቁጥር አይቁጠር፤ «በወራት የሚቆጠር ይመስለኛል፣ ልሳሳትም እችላለሁ» ይበል። ከዚያ ቀጥሎ «ምን እንዲሆንልዎ ይፈልጋሉ?» ይጠየቅ። አማርኛ የሚያስተረጉመው ሰው ግን ልጅ ባይሆን ይመረጣል። ልጅ «ሞት» የሚለውን ቃል ዘሎ ነው የሚተረጉመው።

ከሁሉም በላይ ይህ የሚደረገው አእምሮ ሳይደክም ነው። የመርሳት ሕመም ከጠና በኋላ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም፤ የሚቀረው እርስ በርስ የሚጨቃጨቁ ልጆች ናቸው፤ አንዱ ቱቦው ይግባ፣ ሌላው ይቅር ይላል።

እዚያ ለምትሠሩት ወገኖቼ አንድ ነገር ልበል። አሮጊቷ ማንኪያውን መመለስ ሲጀምሩ፣ እንቅልፋቸው ሲበዛ፣ ከሐኪሙ በፊት የምታዩት እናንተ ናችሁ። ትንበያ የእናንተ ሥራ አይደለም፤ ያያችሁትን ለነርሷ መናገር ግን ነው። ሌሊት ሸሚዝ ስትቀይሩላቸው «ልጄ፣ ልሞት ነው እንዴ?» ብለው በአማርኛ ሲጠይቋችሁም «ይተዉ እንጂ፣ ምን ያሟርቱብዎታል!» ብላችሁ አትለፏቸው። «ለምን አሰቡት? የሚያሳስብዎ ነገር አለ?» በሏቸውና ጥቂት ቁጭ በሉ። የሚፈልጉት ቄስ ይሆናል፣ ስልክ ይሆናል፣ አዲስ አበባ ያለች እህታቸውን ድምፅ መስማት ብቻም ሊሆን ይችላል።