የሥራ ዓምድ፦ የዛገ ብሎንና የባለእጅ ክብር



በዛሬው ዓምዳችን የምናነሣው ዝጎ የተጣበቀ ወይም ራሱ የተበላ የጠመንጃ ብሎን እንዴት እንደሚፈታ ነው። «የተማሪ ማኅበር መጽሔትን ከብሎን ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ጓድ እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። አገራችን ጠመንጃ ገዝታለች፣ ተበድራለች፣ ማርካለችም፤ ብሎኑን የሚፈታላትን ሰው ግን ስትንቅ ኖራለች። ይህ ንቀት ያስከፈለንን ዋጋ ሳንመረምር ስለ ነፃነት ብንጽፍ ጽሑፋችን ጎደሎ ይሆናል።

ሮም የምንኖር ሁላችን በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ እናልፋለን። ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ»፣ ማለትም የአምስት መቶዎቹ አደባባይ ይባላል። አምስት መቶዎቹ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸው። በእጃቸው የነበረው ኢጣልያ እ.ኤ.አ. በ1870 የተቀበለችው ቬተርሊ የተባለው ጠመንጃ ነበር። በ1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይም አብዛኛው የኢጣልያ እግረኛ ይዞት የዘመተው ያንኑ ቬተርሊ ሲሆን፣ ድሉ ወደ 11 ሺህ የሚጠጋ ጠመንጃ በኢትዮጵያውያን እጅ አስገብቷል። በሁለቱ ውጊያዎች መካከል ደግሞ የውጫሌ ውል በ1881 ዓ.ም. ተፈረመ፤ ደጃዝማች መኰንን ወደዚህ ወደ ሮም መጡ፤ በሐረር ጉምሩክ ዋስትና የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ተዋዋሉ። እንግዲህ ያው አንዱ መንግሥት አንድ ጊዜ አበዳሪያችን፣ አንድ ጊዜ ወራሪያችን ሆኖ ጠመንጃውን በአገራችን አራግፏል።

ሌሎቹም እንዲሁ አድርገዋል። ሰናድር ከእንግሊዝ፣ ውጅግራ ከፈረንሣይ መጣ፤ ውጅግራ የሚለው ስም ራሱ «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሣይኛ መጠሪያ የተገኘ ነው። ሬሚንግተኑ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ ከግብጽ ጦር ተማረከ። ችግሩ የጥይቱ መለያየት ብቻ አልነበረም። እንግሊዛዊው ዊትዎርዝ የብሎን ጥርስ መለኪያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1841 ነው፤ የሜትር መለኪያን የተከተለው ዓለም አቀፍ የብሎን ጥርስ ስምምነት ግን ዙሪክ ላይ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ1898፣ ከዐድዋ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የየአገሩ መሣሪያ ፋብሪካ የራሱን ጥርስ ይቆርጥ ነበር። የአንዱ ብሎን ለሌላው አይሆንም። አንዲት ብሎን የጠፋችበት ወታደር ወይ ባለእጅ ፈልጎ ያሠራል፣ ወይ ጠመንጃውን እንደ ዱላ ይሸከማል።

ወደ ሥራው እንመለስ። ዛሬም በየገጠሩ ከአያት የወረደ፣ በ1928 እና በ1933 ዓ.ም. መካከል ከፋሺስት ጦር የተማረከ ካርካኖ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ካርካኖ እ.ኤ.አ. በ1891 የጸደቀ 6.5 ሚሊሜትር ጠመንጃ ሲሆን፣ ከሮም በስተሰሜን ባለችው በቴርኒ የሚገኘው የመንግሥት ፋብሪካ በብዛት ሠርቶታል። ብረቱን ከእንጨቱ የሚያጣብቁት ከምላጩ ቀለበት ፊትና ኋላ ያሉት ሁለት ብሎኖች ናቸው። ዝናብና ላብ በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ የሚያዝገውም እነዚህኑ ነው። አፈታቱ እንደሚከተለው ነው፦

1ኛ፣ ከሁሉ በፊት ጠመንጃው ጥይት እንዳልጎረሰ በዓይንም በጣትም አረጋግጡ። «ባዶ ነው» የተባለ ጠመንጃ ስንቱን ገድሏል።

2ኛ፣ ካቻቪቴውን ለብሎኑ አስተካክሉ። የጋራዥ ካቻቪቴ ጫፉ እንደ ሽብልቅ ስለሆነ ሲጠመዘዝ ከስንጥቁ እየወጣ የብሎኑን ራስ ይበላል። ስለዚህ የጫፉ ሁለት ገጾች ትይዩ እስኪሆኑ፣ ስፋቱም ከስንጥቁ ርዝመት እስኪገጥም በሞረድ ይስተካከል። በዚህ ሥራ አብዛኛው ጥፋት የሚመጣው ይህን ደረጃ ከመዝለል ነው።

3ኛ፣ ስንጥቁን ከቆሻሻ አጽድታችሁ ላምባና ቀጭን ዘይት ቀላቅላችሁ በጠብታ አፍስሱ። አንድ ሌሊት፣ ካስፈለገም ሦስት አራት ቀን ይደር። ዘይት እንጨትን ያበሰብሳልና አታብዙ።

4ኛ፣ ካቻቪቴውን በስንጥቁ አቁማችሁ በመዶሻ ቀስ ብላችሁ ደጋግማችሁ ምቱ። ንዝረቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል። ከዚያም መጀመሪያ ለማጥበቅ፣ ቀጥሎ ለማላላት ሞክሩ። ፀጉር ታህል ከተንቀሳቀሰ ወዲያና ወዲህ እያላችሁ ዘይት ጨምሩበት።

5ኛ፣ እምቢ ካለ ዘይቱን ፈጽሞ ጥረጉና የጋለ የመበየጃ ብረት በብሎኑ ራስ ላይ ብቻ አሳርፉ። ብረት ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይሰበሰባል፤ በዚህ መካከል ዝገቱ ይለቃል። የሚንበለበል እሳት ግን አታስጠጉ፤ እንጨቱን ያቃጥላል፣ የብረቱንም ጥንካሬ ያጠፋል።

6ኛ፣ ራሱ ጨርሶ ከተበላ በቀጭን መጋዝ አዲስ ስንጥቅ ይወጣለታል። ይህም ካልሆነ ጠመንጃው በሞርሳ ታስሮ፣ የብሎኑ መካከል በሹል ብረት ተመልክቶ፣ ከጥርሱ ውፍረት ባነሰ መሰርሰሪያ በትራፓኖ ይበሳል። እዚህ ላይ መርሳት የሌለብን፣ ብሎን በቶርኖ በአንድ ቀን ይሠራል፤ በጠመንጃው አካል ላይ ያለው ጥርስ ከተበላ ግን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። መሥዋዕት የሚሆነው ሁልጊዜ ብሎኑ ይሁን።

ብሎኑ ስለወጣ ብቻ አሮጌ ጠመንጃ ለተኩስ በቅቷል ማለት እንዳልሆነም እናሳስባለን። ይህን የሚፈርደው በሙያው የሠለጠነ ሰው ነው።

አንባቢ እንዳስተዋለው ካቻቪቴ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ፒንሳ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ፣ ቶርኖ የምንላቸው ሁሉ የኢጣልያኖች ቃላት ናቸው። ቃል በመዋስ የሚያፍር ሕዝብ የለም። የሚያሳፍረው ከዚያ በፊት የራሳችን ቀጥቃጭ እያለ፣ ማረሻውንም ጦሩንም እሱ እየሠራ፣ «ቡዳ» ተብሎ ከርስትና ከጋብቻ መገለሉ ነው። ባላባቱ ቀን ጠመንጃውን ያሠራዋል፣ ማታ ከማዕዱ ያርቀዋል። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ሲያሠሩ ዋና ባለሙያዎቻቸው አውሮፓውያን ነበሩ። ዐፄ ምኒልክም በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተዋል። ሆኖም የንቀቱ ሥር በመሬት ሥሪቱ ውስጥ ስለነበረ አዋጅ ብቻውን አልነቀለውም። በአርበኝነቱ ዘመን በየጫካው የተሰበረ ጠመንጃ የጠገኑት እነዚሁ እጆች ናቸው፤ ከድሉ በኋላ ግን ስማቸውን ያነሣ ጥቂት ነው።

የእኛስ አመለካከት ከባላባቱ ምን ያህል ይለያል? ስለ ወዛደሩ በአንድ ምሽት አሥር ገጽ የሚጽፍ፣ ሞረድ አያያዝ ግን የማያውቅ ጓድ በመካከላችን የለም ወይ? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይላል ሕዝባችን። በችኮላ በመዶሻ የተመታ ብሎን እንደሚሰበር ሁሉ፣ በሥራ ያልተፈተነ እውቀትም በመጀመሪያው ችግር ይፈረካከሳል።

ስለዚህ ጥሪያችን ይህ ነው። በሮም ጋራዦችና ብረታ ብረት ቤቶች የምትሠሩ ወገኖቻችን ጥቂት አይደላችሁም። እሑድ እሑድ ከጥናት ክበቡ በፊት አንድ ሰዓት ስጡን፤ አስተምሩን። መሣሪያ የቸገረው ጓድ እሑድ ጠዋት በሚቆመው በፖርታ ፖርቴዜ ገበያ ያገለገለ ሞረድና ካቻቪቴ ይፈልግ። በሚቀጥለው ዓምዳችን ሞረድ እንዴት እንደሚያዝ እንጽፋለን፤ እስከዚያው እያንዳንዱ ክበብ አስተማሪውን መርጦ ይጠብቀን።