የልብስ እጣቢ ወዴት ይሄዳል?

ልብስ ታጥቦ እጣቢው ከደጅ ሲደፋ ሥራው ሁሉ ያለቀ ይመስለናል። ዳሩ ግን እድፉን ያስለቀቀው ቅመም አልጠፋም፤ በቦዩ በኩል ወደ ወንዙ ጉዞውን መጀመሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል?

ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ መቅረት የሚያስከትለውን ጉዳት አስቀድመው ያዩት የምዕራብ ጀርመንና የእንግሊዝ ወንዞች ናቸው። በ1950ዎቹ (ዓመቶቹን የምንቈጥረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከነዳጅ ዘይት የሚሠራው የማጠቢያ ዱቄት በየቤቱ ሲገባ፥ አረፋው በየወንዙ ላይ እንደ ጥጥ ተቈልሎ ይታይ ነበር። ምክንያቱም እንዲህ ነው። ባክቴሪያ የቅመሙን የካርቦን ሰንሰለት ከጫፉ ጀምሮ ሁለት ሁለት እየቈረጠ ይበላዋል፤ የዚያን ጊዜው ቅመም ግን ሰንሰለቱ ቅርንጫፍ የበዛበት ስለ ነበረ ባክቴሪያውን ይገታው ነበር። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት በ1961 ሕግ አወጣ፤ ከኦክቶበር 1964 ጀምሮም ከቅመሙ ከመቶ 80 እጅ የሚፈርስ እንዲሆን አስገደደ። ኬሚስቶችም ቅርንጫፋሙን ትተው ቀጥ ያለውን ሰንሰለት አመጡ። ልብሱ እንደ ቀድሞው ይጸዳል፤ አረፋው ግን ከወንዙ ላይ ቀነሰ። የአሜሪካ ፋብሪካዎችም በ1965 ይህንኑ ለውጥ ፈጸሙ። ይሁን እንጂ ይህም ቅመም ቢሆን በሚገባ የሚፈርሰው አየር ባለው ውሃ ውስጥ ነው፤ አየር በሌለው ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ይቈያል።

«ከዕፅ የተገኘ ከሆነ ምን ክፉ አለው?» የሚል ሰው አይጠፋም። እንዶድን እንመልከት። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ ሲያጥቡበት የኖሩት ይህ ፍሬ፥ ሳፖኒን የተባለ አረፋ የሚያወጣ ቅመም አለው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ውስጥ በእንዶድ ልብስ ከሚታጠብበት ስፍራ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፥ እንዶድ የብልሃርዝያን አስተላላፊ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አስረዱ። ትልቅ ግኝት ነው፤ ነገር ግን ያው እንዶድ ዓሣንም ይገድላል። እንግዲህ ቅመም መፍረሱ ብቻ ሳይሆን፥ እስኪፈርስ ድረስ የሚያደርሰውም ጉዳት መመዘን አለበት ማለት ነው።

የአውሮፓ ኅብረት በ2004 ባወጣው ደንብ አረፋው መጥፋቱ ብቻ አይበቃም ብሎ፥ ቅመሙ በ28 ቀን ውስጥ ከመቶ 60 እጁ ፈጽሞ እንዲፈርስ አዟል። እኛም ኬሚስትሪ የሚማሩት ወጣቶቻችን ይህን ፈተና ልብስ ከሚታጠብበት ከራሳችን ወንዝ በተቀዳ ውሃ እንዲሞክሩት፥ የጥራት መመዘኛ የሚጽፉት ወጣት ሹማምንትም ውጤቱ በዱቄቱ ካርቶን ላይ በአማርኛ እንዲታተም እንዲያደርጉልን እንጠይቃለን።