ከደላንታ ኦፓል ወደ ቤተ ሙከራ፦ የፎቶኒክ ክሪስታል ጥናት ከየት ይጀመር?

የፎቶኒክ ክሪስታል የብርሃንን ጉዞ የሚገዛው በውስጣዊ አደረጃጀቱ ነው። የብርሃን ስብረት መጠናቸው የተለያየ ሁለት ነገሮች ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ጋር በሚቀራረብ ርቀት እየተፈራረቁ ሲደረደሩ፣ የተወሰነ ሞገድ ማለፍ ተስኖት ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ድርድር በሲሊከን ላይ ለመቅረጽ የኤሌክትሮን ጨረር ሊቶግራፊና ከአቧራ የጸዳ ክፍል ያስፈልጋሉ። እነዚህ በሌሉበት ተመራቂ ተማሪ ወደ ኮምፒውተር ስሌት ብቻ ቢያዘነብል አያስደንቅም። ሆኖም መሣሪያው እስኪመጣ ተብሎ ሙከራን ማዘግየት ተገቢ አይደለም።

ለዚህ አብነቱ ከአገር ውስጥ ይገኛል። በወሎ፣ በደላንታ ወረዳ፣ በወገል ጤና አካባቢ የሚወጣው ኦፓል ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው የፎቶኒክ ክሪስታል ነው፤ ኅብረ ቀለሙ የሚፈልቀው በሥርዓት ከተደረደሩ ጥቃቅን የሲሊካ ቅንጣቶች ነው። ድንጋዩ ውሃ ሲጠጣ ብርሃን አሳላፊ ሆኖ ቀለሙ የሚደክመው፣ ውሃው በቀዳዳዎቹ ያለውን አየር ተክቶ የስብረት ልዩነቱን ስለሚያጠበው ነው። ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል።

ይህን ድንጋይ በቤተ ሙከራ መምሰል ይቻላል። ስቶበርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ዘዴ፣ ቴትራኤቲል ኦርቶሲሊኬት በኢታኖል፣ በውሃና በአሞንያ ድብልቅ ውስጥ ሲፈርስ መጠናቸው የተቀራረበ የሲሊካ ሉሎች ይፈጠራሉ። ኢታኖል ለአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ መካኒሳ በአልኮል ፋብሪካው የታወቀ ሰፈር ነው። በተለመደው ዲስቲሌሽን የሚገኝ ኢታኖል 4 ከመቶ ያህል ውሃ ይቀረዋል፤ ውሃው አስቀድሞ በቀመሩ ከተቆጠረና ሌላ ባዕድ ነገር ካልተቀላቀለበት ግን ይህ እንቅፋት አይሆንም።

ሉሎቹን በያዘው ፈሳሽ ውስጥ መስታወት በቁሙ ቢነከር፣ ፈሳሹ ሲተን ሉሎቹ በላዩ ይደረደራሉ። ዲያሜትራቸው 250 ናኖሜትር ቢሆን፣ በብራግ ሕግ መሠረት ፊት ለፊት የሚመለሰው ብርሃን 550 ናኖሜትር አካባቢ፣ ማለትም አረንጓዴ ይሆናል። እንግዲህ ተማሪው በቀላል ስፔክትሮሜትር የሉሉን መጠን ሊገምት፣ ስሌቱንም ራሱ በሠራው ናሙና ሊፈትን ይችላል።

የዚህ መንገድ ጉድለት ሊሸሸግ አይገባም። ናሙናው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ድርድሩም ይዛነፋል። እንደ ሊቶግራፊ በተፈለገው ስፍራ የብርሃን መተላለፊያ ለመቅረጽ አያስችልም። ሲሊካ ብቻውን ብርሃንን በሁሉም አቅጣጫ ሊያግድ አይችልም፤ ለዚያ የሉሎቹን ክፍተት በሲሊከን ሞልቶ ሉሎቹን ማስወገድ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. በ2000 በኔቸር መጽሔት የወጣ ሥራ ይህንኑ በ1.5 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት አካባቢ አሳይቷል። ያ እርምጃ ግን አደገኛ ጋዝና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ስለሚጠይቅ፣ ብቁ ጥበቃ በሌለበት ሊሞከር አይገባም።

ስለዚህ የትምህርት ክፍሎች በዚህ ዘርፍ ለሚሠራ የማስተርስ ጥናት ናሙና መሥራትንና መለካትን ከስሌቱ ጋር አንድ መስፈርት ሊያደርጉ ይገባል። ውድ መሣሪያ አንድ ቀን ሊገዛ ይችላል፤ የሚሠራበትን የሠለጠነ እጅ ግን በግዥ ማግኘት አይቻልም፤ አስቀድሞ በልምምድ ሊዘጋጅ ይገባዋል።