የነርስ ረዳቶች ሥልጠና፦ የሰዓቱ ቁጥርና የወጪው ሸክም

በአሜሪካ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ፣ የሜዲኬርና የሜዲኬይድ ክፍያ በሚቀበሉ የአረጋውያን መንከባከቢያ ተቋማት የሚሠሩ የነርስ ረዳቶች ቢያንስ 75 ሰዓት እንዲሠለጥኑ፣ ከዚህም 16ቱ ሰዓት ክትትል የሚደረግበት የተግባር ልምምድ እንዲሆን መሠረት ጣለ። የፌዴራሉ ወለል ከዚያ ወዲህ ፈቅ አላለም። ካሊፎርኒያ ግን 160 ሰዓት ትጠይቃለች፤ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩትም በ2008 ወለሉ ወደ 120 ከፍ እንዲል መክሯል። ምክሩ ተገቢ ነው። የመርሳት ሕመም ያለበትን አረጋዊ ሳያስደነግጡ ማጠብና ማልበስ፣ ትን ሳይለው ማጉረስ፣ በቆዳው ላይ የሚጀምረውን የመኝታ ቁስል በጊዜ ማየት በሁለት ሳምንት ጥድፊያ የሚጨበጥ ሙያ አይደለም።

የሰዓት ጭማሪ ብቻውን ግን ሸክሙን ወደ ሠልጣኙ ያዞራል። ደንቡ ተቋማት ከቀጠሯቸው ሠልጣኞች የሥልጠና ክፍያ እንዳይጠይቁ ይከለክላል፤ በራሱ ገንዘብ ሠልጥኖ በ12 ወራት ውስጥ ለተቀጠረም ወጪው እንደ ሥራ ዘመኑ መጠን እንዲመለስለት ያዛል። ያለ ደመወዝ ያለፉት ቀናት ግን በዚህ ሒሳብ ውስጥ የሉም። በአገሩ ነርስ ሆኖ ያገለገለ፣ ፈቃዱን እስኪያገኝ በረዳትነት የሚጀምር ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይህን ክፍተት ጠንቅቆ ያውቀዋል። ስለዚህ ወለሉን ከፍ የሚያደርግ ማናቸውም ደንብ የሠልጣኙን የሥልጠና ቀናት ደመወዝ ከነከፋዩ በግልጽ ሊደነግግ ይገባል።