በሦስት ቀን የሚያጠራው ቅባት

ብጉር ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ የነበረበትን ጊዜ ረስቶታል። ግንደወይን ውስጥ ስልክ የያዘ ወጣት ፎቶውን ከመለጠፉ በፊት ፊቱን በፊልተር ያለሰልሳል። ከዚያ ቲክቶክ ላይ አንዷ «ሬቲኖል ተጠቅሜ ይኸው ፊቴ» ስትል ያያል፤ በማግሥቱ ሱቅ ይሄዳል። እኔን የሚያሳስበኝ በስልኩና በሱቁ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ስልኩ ላይ የታየው መድኃኒትና ከሱቁ ተገዝቶ የመጣው ቱቦ ጭራሽ ላይገናኙ ይችላሉ።

ሬቲኖል፣ ትሬቲኖይንና አዳፓሊን የሚባሉት ሁሉም ከቫይታሚን ኤ ቤተሰብ ናቸው። እኛ ቫይታሚን ኤን የምናውቀው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ዳፍንት እንዳይዛቸው በየስድስት ወሩ ለሕፃናት በምትሰጠው እንክብል ነው። ያ ለሕፃናቱ ይቆይላቸው፤ ለፊት የተሠራ አይደለም። ለብጉር ብሎ አብዝቶ መዋጥ ደግሞ ጉበት ይጎዳል። ለፊት የሚሆነው ሌላ ነው። ትሬቲኖይንን ቆዳችን እንዳለ ይጠቀምበታል። መዋቢያ ውስጥ የሚገባው ሬቲኖል ግን ቆዳ ውስጥ ሁለት ጊዜ መለወጥ ስላለበት ጉልበቱ ያንሳል።

ይሠራል ወይ? አዎ፣ ይሠራል። ብጉር የሚጀምረው የሞቱ የቆዳ ሴሎች ተጣብቀው የቅባት መውጫዋን ቀዳዳ ሲደፍኑ ነው፤ ትሬቲኖይን ያንን መጣበቅ ይከላከላል። አሜሪካ ውስጥ ለብጉር የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1971 ሲሆን ከጀርባው ያለው ሰው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ዶክተር አልበርት ክሊግማን ነው። (ሰውዬው በሆልምስበርግ እስር ቤት ታራሚዎች ላይ ባደረጋቸው ሙከራዎች ስሙ ጠቁሯል፤ መድኃኒቱን ስናመሰግን እነሱንም ባንረሳ ጥሩ ነው።) እ.ኤ.አ. በ1988 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች 30 ሰዎችን ለ16 ሳምንት ተከታትለው ፀሐይ ያመጣውን የፊት መጨማደድ እንደሚቀንስ አሳዩ። እዚያው ጥናት ላይ ግን አብዛኞቹ ሰዎች ቆዳቸው ቀልቶና ተልጦ ነበር። ቲክቶክ ላይ ይህችን የሚነግራችሁ የለም።

እንግዲህ ዋናው ጣጣ ጊዜው ነው። ብጉር ላይ ለውጥ ለማየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፤ ለመጨማደድ ወራት ይወስዳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩ ሊብስ ይችላል፣ ፊት ይደርቃል፣ ያሳክካል። በጥር የምትዳር ሙሽራ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ብትጀምረው ሠርጓ ላይ የምትቀርበው በተላጠ ፊት ነው። ከመስከረም ብትጀምር ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር። ግን ማን ነው ለሠርጉ በመስከረም ፊቱን የሚያስበው?

እዚህች ችኮላ ላይ ነው ሌላው ቅባት የሚገባው። «እህቴ፣ ይሄ በሦስት ቀን ያጠራሻል» ይባላል። እውነትም ያጠራል፤ ውስጡ ስቴሮይድ ስላለ። ቱቦው ላይ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞን የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ስቴሮይድ ነው። የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ፣ ሐኪም ለጥቂት ጊዜ የሚያዘው ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀያይ የደም ሥሮች ብቅ ይላሉ፣ ፀጉር ይበቅላል፣ ብጉሩም በሌላ መልክ ይመጣል። ስታቆሙት ፊት እሳት ይሆናል፤ እንደገና ትቀባላችሁ። ሱስ በሉት።

ክፋቱ፣ ትሬቲኖይን፣ ሃይድሮኪኖንና ስቴሮይድ አንድ ላይ የተደባለቁበት ቱቦም አለ። ቅምሩ የክሊግማን ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣ፤ ለማድያት፣ ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ክትትል ተብሎ። ገዢዋ «ትሬቲኖይን አለው» የሚለውን አንብባ ሁለቱን ሌሎች ሳታይ ዓመት ሙሉ ትቀባዋለች።

የእኛ ቆዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቆጣ ጥቁር ነጥብ ጥሎ ይሄዳል፤ ነጥቡ ከብጉሩ በላይ ይቆያል። ስለዚህ ከዝቅተኛው መጠን፣ ለምሳሌ ከ0.025 በመቶ ትሬቲኖይን ወይም ከ0.1 በመቶ አዳፓሊን፣ በየሁለትና በየሦስት ሌሊቱ መጀመር ይሻላል። ለሙሉ ፊት አንዲት የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። የሚቀባው ማታ ነው፣ ትሬቲኖይን በብርሃን ስለሚበላሽ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም ካላችሁ ከትሬቲኖይን ጋር በአንድ ጊዜ አትቀቡት፤ ያከሽፈዋል።

ጠዋት የፀሐይ መከላከያ ያስፈልጋል። ዋጋው ለብዙዎቻችን እንደማይቀመስ አውቃለሁ። ግን የደጋ ፀሐይ ቀልድ አያውቅም፤ እናቶቻችን ገበያ ሲወርዱ ጃንጥላ የሚዘረጉት ለጌጥ አይደለም። ወጣቱ ጃንጥላ መያዝ ለምን እንደሚያፍር አይገባኝም። ባርኔጣም አለ። ሌላው ደግሞ ቅቤና ቫዝሊን ነው፦ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅባት ወደ ግንባር ወርዶ ቀዳዳ ይደፍናል። ብጉሯ ግንባሯ ላይ ብቻ የተሰለፈባት ልጅ ክሬም ከመግዛቷ በፊት ለአንድ ወር የፀጉር ቅቤዋን ብታቆም ይበጃታል፤ በነጻ ነው።

እርግዝናን በተመለከተ ቀልድ የለም። የሚዋጠው የብጉር መድኃኒት፣ አይሶትሬቲኖይን፣ ፅንስን ክፉኛ ይጎዳል። ከሚቀባው ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ነው፤ ሆኖም ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት እንዳትጠቀመው ይመከራል። ያቺን የጥር ሙሽራ አስቧት፤ ከሠርጉ በኋላ ባሉት ወራት ልታረግዝ ትችላለች። ቱቦውን ስትገዛ ማንም ይህን ካልጠየቃት የሸጠላት ሰው ሥራውን አልሠራም።

የቆዳ ስፔሻሊስት የሚገኘው ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ነው። ለብጉር ብሎ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር፣ ወይም በቢቸና በኩል ደብረ ማርቆስ ድረስ የሚሄድ ስንት ነው? መንገዱም እንደሚታወቀው ነው። ስለዚህ ሐኪም ጋ ሂዱ ብሎ ዝም ማለት ለግንደወይን ልጅ መልስ አይሆንም። የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎቻችንን የምለምነው ቀላል ነገር ነው፤ ቱቦውን ከመስጠታችሁ በፊት ካርቶኑ ላይ በአማርኛ ጻፉበት። ማታ ብቻ፣ በየሦስት ሌሊቱ፣ ለእርጉዝ አይሆንም፣ ስቴሮይድ አለው ወይም የለውም። አንድ እስክሪብቶና አንድ ደቂቃ ነው። ገዢዎችም ካልተጻፈላችሁ «ይሄ ስቴሮይድ አለው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልስ ካጣችሁ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ መልሱት።