ጣሪያ የሌለው ጋራዥ ጣሪያ አይጠግንም

በአሮጌ መኪና ጣሪያ ላይ ጥፍር የምታህል የቀለም እብጠት ካያችሁ ነገሩን የቀለም ችግር ብቻ አድርጋችሁ አትውሰዱት። ብዙ ጊዜ ዝገቱ የጀመረው ከውስጥ ነው፤ ከሥር ያለው ላሜራ ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው ወደ ውጭ ብቅ የሚለው።

ይህ የጥቂት አሮጌ መኪና ወዳጆች ጉዳይ አይደለም። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ደግሞ መንግሥት ከኤሌክትሪክ ውጭ የሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ፖሊሲው ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለውን ለሌላ ቀን እንተወው። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና መግዛት የማይችል ሰው ያለችውን ቮልስ፣ ላዳ ወይም ዲኤክስ እያስጠገነ ይነዳል። እነዚህን መኪኖች በሕይወት የሚያቆያቸው ደግሞ የላሜራ ሠራተኛው ነው።

በአውሮፓ ክረምት በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚነሰነሰው ጨው መኪናን ከሥር ይበላል። እኛ ጋ ይህ የለም። የእኛ ጠላት ከላይ ይመጣል። የበጋ ፀሐይ የመስታወቱን ላስቲክ ይሰነጥቃል፣ ክረምት ሲገባ ውሃው በስንጥቁ ይሰርጋል። ፖርቶመጋላ የሚታሰርበት የጣሪያ ጠርዝ ቀለሙ ይፋቃል፤ ከጎኑ ያለው የዝናብ መውረጃ ቦይ በአቧራ ይደፈንና ውሃ ያቁራል።

ለዚህ ሁለት መድኃኒት አለ። አንደኛው የዛገውን ፍቆ፣ ቀዳዳውን በፋይበር ደፍኖ፣ ስቱኮ ለጥፎ ቀለም መቀባት ነው። በጥቂት ቀን ያልቃል፣ ያምራልም። ዝገቱ ግን ከሥሩ ሥራውን አያቆምም።

ሁለተኛው ጣሪያውን ማንሳት ነው። መስታወቶቹና የጣሪያው የውስጥ ልብስ ይወጣሉ። ቦዲው እንዳይጣመም በሮቹ መሐል ብረት በጊዜያዊነት ይበየዳል። የፋብሪካው ነጠላ ነጠላ ብየዳዎች አንድ በአንድ በመሰርሰሪያ ይፈታሉ። ጣሪያው ሲነሳ የተደበቀው ሁሉ ይታያል፤ የተበላው ተቆርጦ በአዲስ ላሜራ ይተካል፣ አንቲረስት ይቀባል። መልሶ መበየዱም ትዕግሥት ይጠይቃል። ውፍረቱ አንድ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ሰፊ ላሜራ በአንድ ጊዜ ብዙ እሳት ካገኘው እንደ ወረቀት ይጨማደዳል።

ታዲያ ሁለተኛው መንገድ ለምን ይሸሻል? ሰዎች «ዋጋው» ይላሉ። እውነት አላቸው። እኔ ግን ሌላም ምክንያት አያለሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ ቦታ ሲወደድ የላሜራ ሥራ ወደ ዳር ወጣ፤ ወደ ሰበታ፣ ወደ ቡራዩ፣ ወደ ሱሉልታ። ከተሞቹ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ሆነዋል። በየመንገዱ ዳር የምናያቸው ብዙዎቹ ግቢዎች ግን ዛሬም በቆርቆሮ የታጠሩ፣ ከላይ ሸራ የተወጠረባቸው የኪራይ ቦታዎች ናቸው። ነገ ልቀቅ ሊባል የሚችል ሰው ሼድ አይሠራም። በሐምሌ የሱሉልታ ዝናብና ጉም ውስጥ ጣሪያውን ያነሳ ባለሙያ ደግሞ የተፈቀፈቀው ብረት ባደረ ማግስት ዝጎ ያገኘዋል። ስለዚህ ቶሎ መሸፈን አለበት። ስቱኮ በዚህ በኩል ይገባል። ሠራተኛውን «አጭበርባሪ» ከማለታችን በፊት የት ሆኖ እንደሚሠራ እንይ።

«አሮጌ መኪና ነው፣ ምን ያካብዳል?» የሚል አይጠፋም። ላዳን እንውሰድ። ከፊያት 124 የተወለደችው ላዳ ከሥር የተለየ ሻንሲ የላትም፤ ወለሉ፣ ምሶሶውና ጣሪያው ተያይዘው ነው መኪናውን የሚሸከሙት። መኪናው ሲገለበጥ በተሳፋሪው ጭንቅላትና በአስፋልቱ መካከል ያለው ያ ጣሪያና የተበየደበት ምሶሶ ብቻ ነው። ስቱኮ ክብደት አይሸከምም።

የሸገር ከተማ አስተዳደር ለላሜራ ሠራተኞች ለዓመታት የሚቆይ ውልና የጋራ ሼድ ቢሰጥ ከብዙ የግንዛቤ ስልጠና ይበልጣል። ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ ሲደረግም ፍሬንና መብራት ብቻ ሳይሆን ጣሪያና ምሶሶ በማግኔት ይፈተሽ፤ ማግኔት ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። እናንተም አሮጌ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት ኪሳችሁ ውስጥ ያዙ።

አስጠጋኙም ድርሻ አለው። «በሦስት ቀን ጨርስልኝ፣ በርካሽ ይሁን» ብለን ያዘዝነው እኛ ሆነን ሳለ፣ ስቱኮው ሲነሳ ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ አያምርብንም።